ምድር ለምን ሞቀች? እኛስ ከጓዳችን ጀምረን ምን እናድርግ?

ሰሜን ሸዋ፣ ደጋው ላይ፣ ገብስ የሚያመርቱ አክስት አሉኝ። እትዬ ነው የምላቸው። አንድ ቀን በስልክ ስናወራ፣ «በልጉ እኮ እንደ ድሮው አልሆነም። ይመጣል ብለን አርሰን ስንጠብቅ ይቀራል። ቀረ ብለን ስንተወው ደግሞ ይዘንባል። እናንተ የተማራችሁት ምን ትላላችሁ?» አሉኝ።

«የአየር ንብረት ለውጥ ነው እትዬ» አልኳቸው።

«እሺ ልጄ» ብለው ወደ ሌላ ወሬ ሄዱ። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ነገሩ ከነከነኝ። እሳቸው የጠየቁኝ ምክንያቱን ነው፣ እኔ የሰጠኋቸው ስሙን። ስሙንማ በሬዲዮ ስንት ዓመት ሰምተውታል። እዚህ የምጽፈው ያን ቀን ጊዜ ወስጄ ላስረዳቸው ይገባ የነበረውን ነው።

ከውርጭ እንጀምር

ደጋ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከቡ ሁሉ ተዘርግፎ ከታየ፣ ያን ሌሊት ውርጭ አይቀርም። ጠዋት ሳሩ ነጭ ለብሶ ይገኛል። ደመና ያለበት ሌሊት ግን ብርዱ ይለዝባል።

ለምን? ቀን ላይ ፀሐይ መሬቱን ታሞቀዋለች። ማታ መሬቱ ያንን ሙቀት ወደ ሰማይ መልሶ ይለቀዋል። በዓይናችን አናየውም እንጂ ሙቀቱ እንደ ብርሃን እየተጓዘ ይወጣል። ደመና ካለ ከሚወጣው ሙቀት ከፊሉን ተቀብሎ ወደ መሬት ይመልሰዋል። ደመና ከሌለ ሙቀቱ እንደወጣ ይቀራል፤ ሰብሉም በውርጭ ይመታል።

አየር ውስጥ ይህንኑ ሥራ ቀንም ሌሊትም የሚሠሩ፣ በዓይን የማይታዩ ጋዞች አሉ። ዋናዎቹ የውሃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ናቸው። የፀሐይን ብርሃን ሲገባ ያሳልፉታል፤ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ግን ከፊሉን ይይዙታል። ሙቀት አማቂ ጋዞች የሚባሉት ለዚህ ነው። እነሱ ባይኖሩ የምድር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ ይሆን ነበር። አሁን 15 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ጋዞቹ በራሳቸው ክፉ አይደሉም። ጋቢ ናቸው። ችግሩ ማንም ሳይበርደው ጋቢ ላይ ጋቢ መደረባችን ነው።

የምንደርበው ደግሞ ከመሬት ሥር እያወጣን ነው። የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት የተቀበረ ካርቦን ናቸው። ስናነደው ካርቦኑ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1958 ሃዋይ ውስጥ፣ ማውና ሎዋ በተባለ ተራራ ላይ በየጊዜው መለካት ሲጀመር 315 ደርሶ ነበር። አሁን ከ420 አልፏል። «ከሚሊዮን ውስጥ 420 ምን አላት?» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ጨውም ከድስቱ ወጥ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ አንድ ማንኪያ ሲጨመርበት ግን ወጡ አይበላም።

ይህ ዕውቀት የትናንት አይደለም። አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላበትን ብርጭቆ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ፣ ከሌላው የበለጠ እንደሚሞቅ ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው። በ1896 ደግሞ፣ ዓድዋ ላይ ድል ባደረግንበት በዚያው ዓመት፣ ስቫንቴ አሬኒየስ የተባለ ስዊድናዊ ሳይንቲስት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን እጥፍ ቢሆን ምድር ምን ያህል ልትሞቅ እንደምትችል በእጁ አስልቶ አሳተመ። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው። ከ120 ዓመት በላይ እየታወቀ ነው እዚህ የደረስነው።

«ፀሐይ ራሷ በርትታ ይሆናል» የሚሉም አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተመርምሯልም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፀሐይ ጉልበት በሳተላይት ይለካል። በዚህ ሁሉ ጊዜ እየጨመረ አልሄደም። ሌላም ምልክት አለ። ፀሐይ ብትሆን የምታሞቀው አየሩ ከላይም ከታችም በሞቀ ነበር። የሚታየው ግን ታችኛው አየር ሲሞቅ የላይኛው ሲቀዘቅዝ ነው። ሙቀቱ ታች ተይዞ ሲቀር የሚሆነው ይኼ ነው።

ኦዞንን ለይተን እንወቅ

አገራችን ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው ስህተት አለ። ሰው ሲሞቀው «ኦዞኑ ተቀዶ ነው» ይላል። በዜናም ሁለቱ ሲቀላቀሉ እሰማለሁ። ኦዞን ከላይ ሆኖ የፀሐይን ጎጂ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያጣራ ስስ ንብርብር ነው። የሳሳው በድሮ ፍሪጆችና በሚረጩ ጣሳዎች ውስጥ በነበሩ ኬሚካሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሞንትሪያል ላይ አገሮች ተስማምተው ኬሚካሎቹን ማስቀረት ጀመሩ፤ ኦዞኑም ቀስ በቀስ እያገገመ ነው። የምድር መሞቅ ሌላ ጉዳይ ነው። በቀዳዳ የሚገባ ሙቀት ሳይሆን መውጫ ያጣ ሙቀት ነው። መለየቱ የሚጠቅመው መፍትሔያቸውም ስለሚለያይ ነው።

1.5 ዲግሪ ስንት ሜትር ነው?

የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት እንዳለው፣ እ.ኤ.አ. 2024 የምድር አማካይ ሙቀት ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረው 1.55 ዲግሪ ገደማ የበለጠበት ዓመት ነው። በ2015 ፓሪስ ላይ አገሮች «ከዚህ እንዳያልፍ እንጣር» ያሉት 1.5ን ነበር። ስምምነቱ የሚለካው በብዙ ዓመታት አማካይ ስለሆነ በአንድ ዓመት ብቻ ፈርሷል አይባልም። ግን ደጃፉ ላይ ነን።

ለሰው ጆሮ 1.5 ዲግሪ ምንም አይመስልም። ጠዋትና ቀትር መካከል እንኳ አሥርና አሥራ አምስት ዲግሪ ልዩነት አለ። እኛ ግን ይህን ቁጥር በቀላሉ የምንረዳበት መንገድ አለን፤ የቆላና የደጋ ልጆች ነን። ከዓባይ በረሃ ወደ ላይ የወጣ ሰው ብርዱ በየት ጀምሮ እንደሚቀበለው ያውቃል። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በአማካይ 1.3 ዲግሪ ሞቃለች። በግርድፉ ሲሰላ ቆላው ወደ ላይ 200 ሜትር ወጣ ማለት ነው። ወይና ደጋው የቆላ ጠባይ እየያዘ ነው። ደጋው ወደ ወይና ደጋ እየተጠጋ ነው። ተራራ ጫፍ ላይ ያለው ደግሞ መሄጃ የለውም።

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ስሌት ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች የደብረ ዘይትን አካባቢ የወባ መዝገብ ዓመት በዓመት መርምረው፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታ ቦታዎች እንደሚወጣ አሳይተዋል። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ደገኛ ወባን የሚያውቀው ቆላ ወርዶ ሲመለስ ነበር፤ አሁን ቤቱ ድረስ እየመጣችበት ነው።

ቡናም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት፣ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው በዚህ መቶ ዓመት መጨረሻ ለቡና ላይመች እንደሚችል ገምቷል። ያው ጥናት የተስፋ ወሬም አለው። ቡናው ወደ ከፍታ ከተወሰደና ጥላ የሚሆነው ደን ከተጠበቀ፣ አዲስ የሚመቸው መሬት ብዙ ነው። ግን ቡና ተክሎ ለፍሬ ለማድረስ ዓመታት ይፈጃል። ዛሬ ማሰብ ያልጀመረ ገበሬ ያኔ አይደርስለትም።

ዝናቡስ? የእትዬ ጥያቄ እሱ ነበር። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ የውሃ ተን መያዝ ይችላል። የጠማው አየር በሉት። ዝናብ ሲጠፋ ከአፈሩ ከበፊቱ የበለጠ ውሃ ይመጥጣል። ሲዘንብ ደግሞ የያዘውን ባንዴ ይዘረግፈዋል። ድርቁም ጎርፉም አብረው የሚበረቱት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ቦረናና ሶማሌ ክልል፣ ከኬንያና ከሶማሊያ ጋር፣ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ከሸፉባቸው። ቦረና ከብቱ በዓይኑ ሥር አለቀበት። የሳይንቲስቶች ቡድን መርምሮ፣ የዚያን ዓይነት ድርቅ ዕድል የምድር መሞቅ ቢያንስ በ100 እጥፍ ከፍ እንዳደረገው በ2023 ይፋ አደረገ። ዋናው ምክንያት የዝናቡ ማነስ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱ አፈሩን ማድረቁ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ይኑር። ሁሉንም ጥፋት ለአየር ንብረት መስጠት ትክክል አይደለም። ሐሮማያ ሐይቅ የደረቀው በዋናነት ለመስኖና ለከተማ ውሃ ከአቅሙ በላይ ስለተቀዳና ደለል ስለሞላው ነው። የአንድ ዓመት በልግ ቢቀርም ለውጡን አያረጋግጥም፤ የፓሲፊክ ውቅያኖስ ውሃ በየጥቂት ዓመቱ ሲሞቅ ዝናባችንን የሚያዛባው ኤል ኒኞም አለ። የአየር ንብረት የሚባለው የሠላሳ ዓመት አማካይ ነው። እትዬ ግን የሚያወሩት ስለ ዘንድሮ አይደለም። ካገቡበት ጊዜ ጀምሮ ያዩትን ነው የሚነግሩኝ።

ማን አሞቀው?

እውነቱን እንነጋገር። አንድ አሜሪካዊ ነዳጅና የድንጋይ ከሰል በማቃጠል በአማካይ በዓመት 14 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። አንድ ኢትዮጵያዊ ከ0.2 ቶን በታች ነው። እሱ በአንድ ሳምንት የሚለቀው እኛ በዓመት ከምንለቀው ይበልጣል። እትዬ መኪና የላቸውም፤ አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። በልጋቸው ግን ተነካ። ይህ ግፍ ነው፤ ሌላ ስም አላገኝለትም።

እንግዲህ «ታዲያ እኛ ምን አገባን?» የሚለው ጥያቄ ከቅንነት የሚመጣ ነው። የእኔ መልስ እንዲህ ነው። የዓለምን ሙቀት እኛ ብቻችንን አንመልሰውም። ግን ለሙቀቱ መድኃኒት ከሚባሉት ነገሮች ብዙዎቹ እዚሁ ቤታችን ውስጥ ሳምባችንን፣ ውሃችንን፣ ኪሳችንን የሚያድኑ ናቸው። ዓለም ባይሞቅም ልናደርጋቸው ይገባ ነበር። ደግሞ ለፈረንጅ የሚሰጠውን ምክር እንዳለ ገልብጠን ልንወስደው አይገባም። «ሥጋ ቀንሱ፣ በአውሮፕላን አትብረሩ» ለእትዬ ምን ይሠራላቸዋል? የእሳቸው ጉዳይ ምድጃው ነው።

ሦስቱ ጉልቻ

የእትዬ ጭስ ቤት ከጎጆው ጎን ነው። ግድግዳው በጥላሸት ጠቁሯል። መሐል ላይ ሦስት ጉልቻ፣ በላዩ ሰፊው ምጣድ። ከሥሩ ጭራሮ፣ ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይማገዳል። ቅጠሉ ሲገባ እሳቱ ቦግ ይልና በጉልቻዎቹ መካከል እየሾለከ ከምጣዱ ውጪ ይንቦገቦጋል። ሊጡን ዙሪያውን ያዞራሉ፣ አክንባሎውን ይከድናሉ፣ ፊታቸውን ዞር አድርገው ዓይናቸውን በነጠላ ጫፍ ይጠርጋሉ። ሃያ አምስት እንጀራ እስኪያልቅ ይህንኑ ሃያ አምስት ጊዜ። እንጨቱ ከሰጠው ሙቀት እንጀራውን የሚያበስለው ትንሹ ነው። የቀረው ጭስ ቤቱንና እሳቸውን ነው የሚያነደው።

በኢትዮጵያ ከአሥር ቤት ዘጠኙ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል ወይም በኩበት ነው። ከቤት ማገዶ ውስጥ ደግሞ ግማሹንና ከዚያ በላይ የሚፈጀው እንጀራ መጋገር ነው። ስለዚህ የእኛ አገር የአየር ንብረት ወሬ ምጣድ ላይ መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ። የተቆረጠው ዛፍ ተተክቶ ካደገ፣ ሲነድ የወጣውን ካርቦን መልሶ ይወስደዋል። ካልተተካ ግን ካርቦኑ አየር ላይ ይቀራል። ኩበትም ማሳ ላይ ማዳበሪያ መሆን ሲገባው አመድ ይሆናል። ጭሱስ? የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ገምቷል። ጭሱን በብዛት የሚተነፍሱት ደግሞ እናቶችና ልጆች ናቸው።

«ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከሲሚንቶና ቀላል ከሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይሠራል። ክብ ሆኖ ምጣዱን ዙሪያውን ስለሚያቅፈው እሳቱ አያመልጥም። ማገዶ የሚገባበት አንድ አፍ ብቻ አለው። ከኋላ በኩል በሚወጣው ሙቀት ላይ ድስት ይጣድበታል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ተአምር የለውም፤ ጥቂት ሲሚንቶና ጥሩ እጅ ነው። ባንዴ ለመግዛት ለሚከብደው ሰፈር የምመክረው የምድጃ ዕቁብ ነው። አሥር ሴቶች ዕቁብ ገብተው በወር አንድ ምድጃ ቢገዙ፣ ዓመት ሳይሞላ የአሥሩም ጭስ ቤት ይለወጣል። ዕቁብ የማያውቅ ሰፈር የለንም።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ከሰል አለ። በተለመደው አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት ኪሎ በላይ እንጨት ይቃጠላል። ስኒ የማይሞላ ቡና ለማፍላት ትልቅ ማንደጃ ሙሉ ከሰል ማቀጣጠል ያሳዝናል። «ላቀች» የተባለው፣ ከውስጥ ሸክላ ያለው ማንደጃ ከቆርቆሮው ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ከሰል ቤት ውስጥ ዘግቶ ማንደድ ደግሞ ሰው እንደሚገድል መቼም አንርሳ።

መብራት ያለው ሰው በኤሌክትሪክ ምጣድ ቢጋግር ከሁሉም ይሻላል። የእኛ መብራት ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው፤ የቀረውም በአብዛኛው ከነፋስ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግን ምጣድ መብራት ይበላል። አንዱ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ይህ በመቶ የሚቆጠሩ የኤልኢዲ አምፖሎችን ያበራል። ስለዚህ ምጣዱን በየቀኑ ለሦስት ለአራት እንጀራ አታሙቁት። የሳምንቱን ባንዴ ጋግሩ። ከጎረቤት ጋር ተራ ይዛችሁ፣ ምጣዱ ሳይበርድ ተቀባበሉበት። ሁለት ሦስት እንጀራ ሲቀር ማጥፋት ይቻላል፤ በያዘው ሙቀት ይጨርሳል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው፣ ሁሉም ሰው መብራት በሚጠቀምበት ጊዜ፣ አትጋግሩ። በበዓል ዋዜማ የሰፈር ትራንስፎርመር የሚቃጠለው ሁላችንም በአንድ ሰዓት ምጣድ ስለምንሰካ ነው።

ችግኙ ለምን ሞተ?

ክረምት በመጣ ቁጥር እንተክላለን። እኔም ተክያለሁ። አንድ ዓመት ሐምሌ ላይ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የጽድ ችግኝ ተክለን፣ ፎቶ ተነስተን ተመለስን። ጥር ላይ በዚያ ሳልፍ ደርቆ አገኘሁት። ከመሬት ስቤ ሳወጣው ሥሩ ጥቁሩ ፕላስቲክ ውስጥ እንደተጠቀለለ ነበር። ከነፕላስቲኩ ነበር የተከልነው። ሥሩ ስድስት ወር ሙሉ መውጫ ሲፈልግ፣ ፕላስቲኩ ውስጥ ሲዞር ኖሯል። ያን ቀን ያዘንኩትን ያህል ለችግኝ አዝናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዛፍ ካርቦን የሚይዘው ሲያድግ ነው። የተተከለው ቁጥር ለዜና ይጠቅማል፤ ለአየሩ የሚጠቅመው የጸደቀው ነው። ስለዚህ ፕላስቲኩን በምላጭ ቀዳችሁ አውጡት፤ ሥሩን የያዘው አፈር ግን እንዳይበተን። ዝናቡ መሬቱን በደንብ ካራሰ በኋላ ትከሉ። ፍየልና በግ እንዳይደርስበት እሾህ እጠሩበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውሃ ካገኘ ከዚያ በኋላ ራሱን ይችላል። አምስት ተክሎ አምስቱን ያሳደገ፣ መቶ ተክሎ ከረሳው ይበልጥብኛል።

አንዳንዴ ደግሞ መትከልም አያስፈልግም። ወላይታ፣ ሁምቦ ላይ ተራቁቶ የነበረ ተራራ አለ። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ነዋሪዎቹ ተስማምተው 2,700 ሄክታር ያህል መሬት ከከብትና ከምሳር ከለሉ። በአብዛኛው ችግኝ አላፈሉም። ከመሬት ሥር ያልሞቱ ጉቶዎች ነበሩ፤ እነሱ እንዲያቆጠቁጡ ተዉአቸው፣ ደካማውን ቅርንጫፍ እየመለመሉ ጠንካራውን አሳደጉት። ደኑ ተመለሰ። ማኅበራቱም ከያዘው ካርቦን ገንዘብ አገኙ። የየአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ይኸው ነው። ደቡብ ጎንደርን ከላይ ሲያዩት፣ በታረሰው ሜዳ መሐል ክብ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው የቀረው እዚያ ነው። ዙሪያውን በድንጋይ ካብ ማጠር ብቻ ከብት እንዳይገባ አድርጎ አዲስ ቡቃያ እንዲወጣ ያደርጋል።

ከብት፣ ቆሻሻ፣ መኪና

ከብት ሲያመሰኳ በአፉ ሚቴን ያወጣል። ሚቴን አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ነው፤ ግን በመቶ ዓመት ሲታሰብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል። በአፍሪካ በከብት ብዛት አንደኛ እኛ ነን። ለገበሬ «ከብትህን ቀንስ» ማለት ቀላል አይደለም፤ ከብቱ ባንኩ ነው። ሆኖም በደንብ የተመገቡና የተከተቡ ሁለት ላሞች ከአምስት ከሲታዎች የበለጠ ወተት ይሰጣሉ፤ የሚያወጡት ሚቴንም ያንሳል። ሽሮና ምስር የምንበላበት ጾማችንም በዚህ ረገድ ትልቅ ነገር ነው።

ቆሻሻ ላይ የሚጣል የምግብ ትራፊም አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ሚቴን ይሆናል። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ ጓሮ ውስጥ ከቅጠልና ከአፈር ጋር እየተደራረበ፣ በየሳምንቱ ከተገላበጠ ግን ኮምፖስት ይወጣዋል። ጓሮ የሌለው በቀዳዳ ማዳበሪያ ከረጢትም ይሞክረው። መኪናን በተመለከተ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ማስገባት ተከልክሏል። መብራታችን ከውሃ ስለሆነ የኤሌክትሪክ መኪና እኛ ጋ የድንጋይ ከሰል ከሚያነዱ አገሮች የበለጠ ንጹሕ ነው። መኪና የሌለን ደግሞ በአውቶቡስና በእግራችን ስንሄድ አስቀድመን ደርሰናል።

ጣሪያው ላይ የሚፈስ ሀብት

ሙቀቱን መቀነስ አንድ ነገር ነው። ከመጣው ጋር መኖር ሌላ ነው። እዚህ ላይ በጣም የምወደው ስሌት አለ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት እንግዲህ በዓመት 50,000 ሊትር ይቀበላል። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን! እኛ ግን ክረምት ላይ በአሸንዳ ወደ መንገድ እንለቀውና መጋቢት ላይ ውሃ ጠፋ ብለን በባጃጅ እናስመጣለን። አንድ አሸንዳ፣ አንድ ሮቶ፣ የመጀመሪያውን አቧራማ ውሃ የሚያስወጣ ማስተንፈሻ ይበቃል። ለመጠጥ ካልተጣራና ካልፈላ አይሆንም። ለልብስ፣ ለሽንት ቤት፣ ለችግኝ ግን ይሆናል።

ውጭ ለምትኖሩ

ዋሽንግተን፣ ቶሮንቶ ወይም ስቶክሆልም ያላችሁ ወገኖቼ፣ የምትለቁት ካርቦን አሁን እንደ አገራችሁ ሳይሆን እንደምትኖሩበት አገር ነው። ስለዚህ እናንተ ጋ የግል ውሳኔ ክብደት አለው። የቤት ማሞቂያ፣ መኪና፣ በረራ ሦስቱ ዋናዎቹ ናቸው። የበርና የመስኮት ክፍተት መድፈን ገንዘብም ያተርፋል። ኡበር የሚነዳ ሰው መኪና ሲቀይር ኤሌክትሪክ ቢያስብ፣ በቀን ብዙ ስለሚነዳ ወጪው ቶሎ ይመለስለታል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ዱድ ሼሜሽ የሚሉትን፣ ውሃ በፀሐይ የሚያሞቅ ጣሪያ ላይ ያለ በርሜል ያውቁታል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ለአዲስ መኖሪያ ቤት ግዴታ ነው። ፀሐይ ለማይጠፋባት አገራችን ይህን ሐሳብ ቢያመጡልን ደስ ይለኛል። በረራን በተመለከተ «እናታችሁን አትጠይቁ» አልልም። ዓመት ጠብቃችሁ ስትመጡ ረዘም አድርጋችሁ ቆዩ።

ዓረብ አገር ላላችሁ ደግሞ የምለው ስለ ራሳችሁ ነው። ሙቀቱ እየባሰ ነው። በቀትር ደጅ መሥራት በበጋ ወራት በብዙዎቹ የባሕረ ሰላጤ አገሮች በሕግ የተከለከለ ነው። ግራ መጋባት፣ ትኩስና ደረቅ ቆዳ፣ መዝለፍለፍ ከታየ ድካም አይደለም፤ የሙቀት ምት ነው። ጥላ ውስጥ አስገቡ፣ ውሃ አፍስሱበት፣ ሐኪም ጥሩ።

ድምፅም መሣሪያ ነው

እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን በተካሄደው የዓለም የአየር ንብረት ድርድር ላይ የአፍሪካን ወገን የመሩት መለስ ዜናዊ ነበሩ። ሀብታሞቹ አገሮች እስከ 2020 ድረስ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለታዳጊ አገሮች እናቀርባለን አሉ። የተሟላው በ2022፣ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው። በ2027 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ አዲስ አበባ ላይ እንዲካሄድ ተወስኗል። ዓለም ወደ ደጃችን ሲመጣ የቦረናን ከብት፣ የሰሜን ሸዋን በልግ ማን ያነሳል? መንግሥት ብቻ መሆን የለበትም። ዕድሩም፣ የገበሬ ማኅበሩም፣ የተማሪዎች ክበብም ጥያቄውን ከወዲሁ ማዘጋጀት ይችላል። ቀበሌ ስብሰባ ላይም ቢሆን «አምና የተተከለው ስንቱ ጸደቀ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ይህ ጥያቄ ብቻውን ብዙ ችግኝ ያድናል።

ከእትዬ ጋር አሁን አንድ ልማድ ጀምረናል። ወቅቱ ከመግባቱ በፊት የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን ትንበያ በስልክ አነብላቸዋለሁ። ትንበያ እንደሆነ፣ ሊስት እንደሚችል እነግራቸዋለሁ። እሳቸውም በእርጋታ ያዳምጡና፣ «እንግዲያውስ ከፊሉን ማሳ ቶሎ የሚደርሰውን ገብስ ልዝራበት፤ ከፊሉን እንደ ዱሮዬ» ይላሉ። ከዚያ ስለ ምድጃው ይጠይቁኛል። ከዕቁቡ የሦስተኛው ዕጣ የእሳቸው ነው፤ ሲሚንቶው እስኪደርቅ እየጠበቁ ነው።